ዳና ያልመጣችበት ክረምት

ዳና ኦይታ በር ሲገባ የሚጎነበስ፣ ጢሙ ከሩቅ የሚታይ፣ ድምፀ ወፍራም የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው። ይህን ከመነሻው ብንናገር ይሻላል፤ ኋላ ነገሩ ሲደበላለቅ ዳና ወንድ መሆኑን የሚጠራጠር እንዳይኖር። በጋሞ ዳና የወንድ ስም ነው፤ ያውም ሰው ብድግ ብሎ የሚያሳልፈው ትልቅ ሰው የሚጠራበት። በካምባ ወረዳ አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲያስተምር ስሙን ሰምቶ ቀሚስ ያሰበ ሰው አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት አርባ ምንጭ ድረስ መውረድ ነበረበት።

ያን ጊዜ፣ ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ የምስክር ወረቀት ብቻ ይዘው የሚያስተምሩ መምህራን በየክረምቱ አርባ ምንጭ እየወረዱ ዲፕሎማቸውን ይማሩ ነበር። ዳናም ሦስት ክረምት ተመላልሶ ሁሉንም ጨርሷል፤ ሒሳብ ብቻ ስትቀር። አቅቶት እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት ርካሽ ነው ብሎ አባያ ሐይቅ ዳር፣ እርሻዎቹ መሃል ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር፤ ርካሽነቷን ትንኞቹም ደርሰውበት አብረውት ከረሙ። የፈተናው ዋዜማ ሲዘንብ አደረና የእግር መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጠበቀው። ግራ ጫማው እዚያው ሰምጦ ቀረ። አንድ ሰዓት አርፍዶ፣ በአንድ እግሩ ጫማ በአንዱ ጭቃ አድርጎ ሲደርስ ፈታኙ ከላይ እስከ ታች አየውና በሩን ዘጋበት። ዘንድሮ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያበቃበት ዓመት ነው። በዚህ ክረምት ያልጨረሰ ሁሉ ከሜዳ ይጀምራል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ስለዚህ ዳና የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከኮሌጁ በር በአምስት ደቂቃ የሚደረስበት፣ የገጠር መምህር ደመወዝ የሚችለው ክፍል። መስኮት ባይኖረውም ግድ የለውም፤ ጭቃ መሃል አይሁን እንጂ።

ለካ ይህን የተመኘው እሱ ብቻ አልነበረም። ሐምሌ ሲጠባ ከጨንቻው፣ ከካምባው፣ ከየአቅጣጫው መምህሩ ሁሉ ፍራሹን ጠቅልሎ ይመጣል፤ የኮሌጁ ሰፈር ሰው ደግሞ ክፍል የሚባለውን ነገር ትርጉም ያሰፋዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ዳና ያላንኳኳው በር የለም። አንዱ ጋ ኩሽና አሳዩት፤ እሳቱ ገና አልጠፋም ነበር። ሌላው ጋ ዶሮዎቹ የሚገቡት ለማደር ብቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ያንተ ነው አሉት። ሦስተኛው ቤት ስድስት መምህራን ጎን ለጎን ተኝተው ደረሰ፤ አንዱ ሲገላበጥ ስድስቱም ይገላበጣሉ፤ ሰባተኛ ከተጨመረ ግን መገላበጥ እንደሚቀር በትሕትና አስረዱት። አራተኛው ክፍል እውነትም ክፍል ነበር። ዋጋውን ሲሰማ ዳና፣ ያ ጨዋ ሰው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ።

ሲቸግረው ወደ ካሱ ሄደ። ካሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ዣንጥላ ተክሎ ጫማ ይሰፋል። ጫማ የሚያሰፋ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ስለሚያወራ፣ በሰፈሩ የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ ከካሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ካሱ በጋሞኛ ሲናገር ተቀምጠው ቢሰሙት አይጠገብም። በአማርኛ ሲናገር ግን ወንድና ሴት እያለ ራሱን አያስቸግርም፤ ለእሱ ሁሉም እሷ ናት። በሬዋ እሷ፣ ባጃጇ እሷ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀሩ እሷ። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል፤ ሊቀመንበሩም ጫማቸውን ሲያስጠርጉ "ካሱ ዛሬ እንዴት አደረች?" እያሉ ብድራቸውን ይመልሳሉ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን አልለመዱትም። ከደብረ ማርቆስ ከመጡ ገና አንድ ወራቸው ነው። ልጃቸው ፈቃደ የመስኖ ሠራተኛ ነው፤ ቤቱን እንዲጠብቁለት አምጥቷቸው እሱ ለሦስት ወር ሥልጠና አዋሳ ሄዷል። ሲሄድም ብቻሽን እንዳትሆኚ ግቢ ውስጥ ያለችውን ክፍል አከራዪ፣ ግን ለሴት ብቻ፣ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። እሳቸውም ከገንዘቡ ይልቅ የሰው ድምፅ ነበር የናፈቃቸው፤ ክፍሏን ሌላው ከሚጠራው በግማሽ ሊሰጡ ተዘጋጅተዋል። ያን ዕለት የተላቀቀ ጫማ ይዘው ካሱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡና ደህና ሴት ተከራይ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ካሱ ከጥያቄው የያዘው ተከራይ የምትለዋን ብቻ ነው።

"አስተማሪ አለች" አላቸው ካሱ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "ዳና ትባላለች። ጥሩ ሰው ናት። አትጠጣም፣ አታጨስም፣ አትጮኽም።"

ስሟ ደስ አላቸው። አግብታለች ወይ ብለው ጠየቁ፤ አላገባችም አላቸው። ክፉ አመል የላትም ወይ አሉ።

"ሽፈራው ትወዳለች እንጂ ሌላ አመል የላትም። ጠዋት ሽፈራው፣ ማታ ሽፈራው።"

እንግዲህ ሽፈራው አርባ ምንጭ ውስጥ በየጓሮው የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ዛፍ መሆኑን ሕፃኑም ያውቃል። ደብረ ማርቆስ ግን ሽፈራው ማለት ሱሪ የታጠቀ ወንድ ነው። የወይዘሮ ሮማነወርቅ ፊት ጠቆረ። ልጅቷ ትምጣ፣ ሽፈራው ግን ግቢዬን እንዳይረግጥ ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ካሱ ሰው እንዴት ቅጠል ይጠላል ብሎ ቢገርመውም፣ የደጋ ሰው አመሉ ብዙ ነው ብሎ ተወው።

"ችግር የለም" አላቸው። "ውጭ ውጭውን ትጨርሳለች።"

ካሱ ለዳና ክፍል ተገኘ ብሎ ነገረው፤ የቅጠሉን ነገር ግን ረሳው። ቅዳሜ ጠዋት ዳና ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ፣ ገበያ የገዛትን አንዲት ከረጢት ሽፈራው በብብቱ ይዞ በሩን አንኳኳ። ከሦስት ቀን ፍለጋ በኋላ ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከፍተው አዩትና የዳና ዕቃ ነው ወይ አሉት። አዎ፣ የዳና ነው አለ። ዓይናቸውን አጥብበው ከጢሙ እስከ ጫማው ወርደው ተመለሱ።

"ሽፈራው?" አሉ።

ዳና ሽታው ደርሷቸው መሰለው። የአገሩን ምግብ ያወቁለት ሰው በማግኘቱ ኩራት ቢጤ ተሰማውና "አዎ፣ ሽፈራው!" አለ ከረጢቷን ቸብ አድርጎ።

እንግዲያው ዕቃዋን አውርድና ሂድ አሉት፤ ቁልፉን ለራሷ ለዳና ነው የምሰጠው፤ በዚህ ግቢ ወንድ እንዳያድር የልጄ አደራ አለብኝ። ዳና ፍራሹ ሥር ቆሞ አሰበ። መጀመሪያ ሴትዮዋም እንደ ካሱ የሚናገሩ መሰለው። ቀጥሎ ግን ነገሩ አንድ በአንድ ተገለጠለት። ሌላ ክፍል የለም። ትምህርቱ ሰኞ ይጀምራል። እንግዲህ ዳና እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማይዋሽ ሰው ነበር፤ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እንኳ አለ። "ዳና እኔ ነኝ" ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

"ነገ ትመጣለች" አለ።

ራሱም ደነገጠ።

በማግሥቱ መጣና ዳና ትንሽ አሟት ነው አለ። ሰኞ ጄሪካን ይዞ መጥቶ፣ ምዝገባ ላይ ናት አለ። ማክሰኞ ኩራዝ ይዞ መጣ፤ ሰው ለማየት ሄዳለች አለ። ማደሪያው የካሱ ቤት ነበር፤ ካሱ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቻቸው ባሉባት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ከዚያ እየተነሳ በሦስት ቀን ሁለቴ ክፍል አረፈደ፤ መምህሩ ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ያ የአምናው ጭቃ ትዝ ይለዋል።

ባዶ እጁን መጥቶ መመለስ ስላሳፈረው በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይሠራል። የዘመመውን የግቢ በር አቃና። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ወጥቶ መታ። እንጨቱን ፈልጦ ደረደረ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ እንዳይረግጥ ያሉት ሽፈራው ግቢያቸውን ከዳር እስከ ዳር ሲረግጥ እያዩ ዝም አሉ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ጭራሽ ቁጭ በል ብለው ምሳ አቀረቡለት። ልታገባት ነው ወይ ብለውም ጠየቁት። ዳና ራሱን ማግባት ይቻል አይቻል እንደሆነ ለትንሽ ጊዜ አሰበና፣ ገና ነው አላቸው።

እሱን በወደዱት መጠን ዳናን ጠሏት። ፍራሿን ያሸከመችው፣ ጄሪካኗን ያስጎተተችው፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብላ ደህና ዋሉ ያላለች ሴት! ሰነፍ ናት አሉ፣ ዓይነ ደረቅ ናት አሉ፣ ያሳደጋት የለም አሉ። ዳና ቆርቆሮው ላይ ሆኖ ምስማር በአፉ እንደያዘ ሲሰደብ ይሰማል። ነገሩ ውሸት መሆኑን ቢያውቅም ያንገበግበው ነበር፤ ደግሞ ያሳደገችው እናቱ ካምባ አለች። አንድ ጊዜማ አላስችል ብሎት ከላይ ሆኖ "ጥሩ ሰው ናት፣ እማማ" አላቸው። ይህን ሲሰሙ ጭራሽ አዘኑለት።

ረቡዕ ዕለት ጠርተው አስቀመጡትና ሲያሰላስሉ የሰነበቱበትን ተናገሩ። ያቺ ልጅ ላንተ አትሆንም አሉት፤ ክፍሉንም ቢሆን አልሰጣትም፣ ጨርሻለሁ። የዳና ልብ ቁልቁል ወረደ። ሒሳቡም፣ ዲፕሎማውም፣ ሦስቱ ክረምትም አብረው ሲወርዱ ታየው።

"አንተም አስተማሪ ነኝ ብለህ የለ?" አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቁልፉን ከመቀነታቸው እየፈቱ። "እንግዲያው ክፍሏን አንተ ግባባት። እሷ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።"

ዳና ከራሱ ተቀምቶ ለራሱ የተሰጠውን ክፍል በሁለት እጁ ተቀበለ። ያን ዕለት ማምሻውን ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለልጃቸው ደውለው፣ ሴቲቱን አባርሬ ወንዱን አስቀረሁት ሲሉ ተሰሙ። ፈቃደ ምን ብሎ እንደጮኸ አልታወቀም፤ መስመሩ ተቋረጠ፤ በኋላ እንደገና ሲደውል ስለ ቆርቆሮው ብቻ ነገሩት።

እንዲህ ሆኖ የሽፈራው ኑሮ ተጀመረ። መጀመሪያ ያስቸገረው ስሙ ነው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ "ሽፈራው" ብለው ይጣራሉ፤ ዳና የሰማው እንደሌለ ሆኖ መንገዱን ይሄዳል፤ ስሙ ነዋ ያልተጠራው! ከሦስትና ከአራት ጊዜ በኋላ ጆሮው ደካማ ነው ብለው ደመደሙ። አንድ እሑድ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ለብ ያለ ዘይት በሁለቱም ጆሮው ጠብ አደረጉለት፤ ዳናም ለውሸቱ ቅጣት ነው ብሎ በፀጋ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሲያናግሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ሽፈራው ዛሬ ምን እንደበላ፣ ካልሲው የት እንደተሰጣ ያውቅ ጀመር።

ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲጀመር ደግሞ ዳና ቅዱስ ሆነ። ጠዋት ቅጠል በቆጮ፣ ማታ ቅጠል በቆጮ፣ በላዩ ላይ የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ዳጣ፤ ሌላ ነገር ሲቀምስ አላዩትም። በእሱ ቤተ ክርስቲያን ያን ጾም የሚጾም የለም፤ እሱን የሚያስጾመው ደመወዙ ነው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን እንዲህ ያለ ጿሚ በአገሬም አላየሁም እያሉ ለጎረቤት መሰከሩለት፤ የራሳቸውን ሽሮ እንኳ በእሱ ፊት ሲበሉ ማፈር ጀመሩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ዳና ገና ሲያያቸው ጉዱ እንደፈላ አወቀ። ለካ ሽፈራው የሚባል ቅጠል አለ አሉት። አዎ አለ ዳና፣ አንገቱን ለመቀጣት አዘጋጅቶ። አሁን ካሱ ያለው ትዝ ይላቸዋል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን አጠገቡ ተቀምጠው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። ሰው የወለደውን ልጅ እንዴት በጎመን ስም ይጠራል ብለው በአባቱ ክፉኛ አዘኑ። ካላስከፋህ እኔ ሌላ ስም ላውጣልህ አሉ። ዳና እግዜር የከፈተለት በር መሰለውና ገባበት።

"እማማ፣ ዳና ብትሉኝስ?"

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጁን ያዝ አደረጉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እስካሁን ከልብህ አልወጣችም?" አሉት።

በዚያ ሳምንት ካሱ ሊጠይቀው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "ዳና አለች?" አለ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የዚያች ሴት ስም በዚህ ግቢ አይነሳም፣ ያለው ሽፈራው ብቻ ነው አሉት። ካሱ ዳና የሚበላው ቅጠል ካለ ደህና ነው ብሎ "ሽፈራው ካለ እሷም የትም አትሄድ" አላቸውና ረክቶ ተመለሰ። እሳቸው ዛቻ መሰላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢውን በር በቀንም መቀርቀር ጀመሩ፤ ዳና ከትምህርት በመጣ ቁጥር ዳና እንዳትገባ ከሚቆለፈው በር ውጭ ቆሞ ያንኳኳል።

ለመናገር አልሞከረም አይባልም። ሦስት ጊዜ ንግግሩን አዘጋጅቶ፣ ሦስት ጊዜ ምድጃቸው አጠገብ ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ እንጨት ፈልጦ ተመልሷል። መጀመሪያ የፈራው ክፍሉን እንዳያጣ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ግን የሚፈራው እሳቸውን ነው፤ ማለት አዝነው እንዳያያቸው። ከካምባ ከወጣ ወዲህ በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሌላ ሰው የለም። እንዲህ ያለችውን እናት በውሸት እንደያዛት ሲያስበው የሚያነበው ሒሳብ ሁሉ ይደባለቅበታል። ከጭንቀቱ የተነሳ ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው፤ እሳቸውም ከኩሽና ሆነው ኤክስና ዋይን እየሰሙ ከረሙ።

የፈተናው ዋዜማ ዝናቡ እንደ አምናው ወረደ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጎህ ሳይቀድ በሩን ደብድበው ቀሰቀሱት፣ ጆሮው ደካማ ነዋ። ዣንጥላቸውን ሰጡት። ጫማዎቹን ራሳቸው ጠርገው በሩ ላይ ደርድረው ነበር። ኮሌጁ ለመድረስ አራት ደቂቃ ተኩል ፈጀበት። ፈታኙ ገና በሩን ሳይከፍት ዳና በሁለት ጫማው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፈታኙም እግሩን አይቶ ፈገግ አለ። ከአሥር ቀን በኋላ ውጤት ሲለጠፍ ሒሳብ አልፏል። ዳና ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሙን አምስት ጊዜ አነበበው፤ በሚኖርበት ግቢ እንዳይነሳ የተከለከለ ስም ነበር።

ምረቃው የነሐሴ መጨረሻ ላይ ሆነ። ዳና ብቻውን ሄዶ፣ ተቀብሎ፣ ተመልሶ፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ሊናገር ነበር ያሰበው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን ሳይጠየቁ ጥለት ያለውን ቀሚሳቸውን አጥበው፣ ነጠላቸውን ተኩሰው በሩ ላይ ጠበቁት። እናትህ ሩቅ ናት፣ ማን ሊያጨበጭብልህ ነው አሉት። መንገዱን ሙሉ እማማ፣ አንድ ነገር አለ እያለ ጀመረ፤ እሳቸው ደግሞ በደስታ የሰሙት የለም። አዳራሹ ውስጥ ከወላጆች ጋር አስቀመጣቸውና እሱ ከተመራቂዎቹ መሃል ተቀመጠ።

ስም መጠራት ተጀመረ። የሚጠራው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና "ዳና ኦይታ" አለ።

ዳና ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ከወላጆች መሃል ሌላ ሰው ተነሳ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ። ሁለት ወር ሙሉ ለሽፈራው ጆሮ ሲሉ ያጠነከሩት ድምፅ ነው፤ ማይክሮፎኑን አስናቀ። "ዳና አልተማረችም። አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለችም። የተማረው ይኸው ሽፈራው ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ጠዋት ማታ ሒሳብ ሲያነብ እኔ ነኝ የሰማሁት። ለፈተናው በሌሊት ቀስቅሼ የላክሁት እኔ ነኝ። ፍራሿን ያሸከመችው አይበቃም? የሱን ልፋት ለእሷ አትስጡ።"

ጠሪው ወረቀቱን አየ፣ ዳናን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ አፉን ያዘ። ዳና መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ከእፍረቱ የተነሳ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። ነገር ግን በዕድሜው ሙሉ በሰው ፊት ተነስቶ እንዲህ የተሟገተለት ሰው አልነበረም፤ ያውም ከራሱ ጋር። ወደ መድረኩ መሄዱን ትቶ ወደ እሳቸው ሄደ።

"እማማ፣ ዳና እኔ ነኝ።"

"አልሰማህም!" አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው። "ዳና ነው ያሉት፣ ሽፈራው አላሉም!"

ዳና መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠሩት ፊደል አለ፤ ጣታቸውን እያስኬዱ አንዷን ፊደል ያዙ፣ ሁለተኛዋንም ጨመሩ። ከዚያ ፎቶግራፉን አዩ። ጢሙን አዩ። ቀና ብለው እውነተኛውን ጢም አዩ። ካሱ የበጠሰው ክር፣ ያ ከረጢት፣ ያ የጎመን ስም፣ ሁሉም በፊታቸው ላይ ተራ በተራ ሲያልፍ ዳና ቆሞ አየ። ሊቆጡ ነው ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ የታያቸው ያ ሁሉ ስድብ ነበር። ሰነፍ፣ ዓይነ ደረቅ፣ አሳዳጊ የበደላት።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አሉት። "ሳላውቅሽ ነው የሰደብኩሽ።"

"እኔም ዋሽቻለሁ፣ እማማ" አለ ዳና። ጢሙ በእንባ ርሶ ነበር። ይቅር ተባባሉና ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት፤ አዳራሹ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ አፍንጫውን ይጠርጋል።

ጠሪው ዲፕሎማውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሌሎች ሁለት መቶ ሰዎች ይጠብቁታል። በመጨረሻ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ፣ እንግዲህ እማማ፣ ለማን ልስጥ ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

"ለዳና ስጣት" አሉ። "ተምራለች።"